ያልሰመጠው ድንጋይ

የመንግሥት መኪና ጥሩምባ ከጠባቡ መንገድ ጫፍ ሲሰማ ታስሪፒን ሻዩን ሳይጨርስ ብድግ አለ፤ ወደ ጓዳ በሚያስገባው በር ሮጥ ብሎ ሲያልፍም ግንባሩን ከጉበኑ ጋር አላተመው። ድምፁ ኮኮናት የተፈለጠ ይመስል ነበር። እህቱ ዙማሮ ከምድጃው አጠገብ ቆማ ሁሉንም አየች። ሲነሳ አይታዋለች፣ ሲሮጥ አይታዋለች፣ ጉበኑ የት ላይ እንደሚጠብቀውም ታውቃለች፤ ግን ትንፍሽ አላለችም። እሱም ግንባሩን በመዳፉ ይዞ፣ ዞር ብሎ ሳያያት በጓሮ በኩል ወጥቶ ሄደ።

በዚያ ቤት ለሚገባ ሰው ሁሉ «ጎንበስ!» ይባላል። ሰላምታው ይኸው ነው። በሩ እንደ ማንኛውም በር ሰው ቆሞ የሚያልፍበት ሆኖ ነበር የተሠራው፤ ነገር ግን ባሕሩ ወለሉን መላስ በጀመረ ቁጥር አፈር ተሞልቶ ወለሉ ከፍ ይላል፣ ጣሪያው ግን ከነበረበት ንቅንቅ አይልም። አንድ መኪና ሙሌት አፈር ዘጠኝ መቶ ሺህ ሩፒያ ነው፤ ጣሪያ ማንሳት ደግሞ የሀብታም ነገር ነው። ዙማሮ ወለሏን አራት ጊዜ አስሞልታለች። አምፖሉ ጆሮዋ ሥር ነው የሚበራው። መስኮቱ ከወለሉ አንድ ስንዝር ብቻ ስለቀረው መንገደኛውን የምትለየው በጫማው ነው፤ እዚያ ማዶ የሚኖረው መምህር ጫማ መቀየሩን ከሚስቱ ቀድማ ያወቀች እሷ ናት። የፊተኛው ክፍል ምግብ ቤቷ ነው፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አራት አግዳሚ፣ የተጨሰ ዓሣ በኮኮናት ወተትና በሚጥሚጣ፣ ሩዝና ሻይ፣ ሁሉም በዐሥራ አምስት ሺህ። ደንበኛው ሁሉ ገና ከደጃፍ «ጎንበስ!» ይባላል፣ ጎንበስ ይላል፣ ይገባል። ለታስሪፒን ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ብላው አታውቅም።

ስድስት ዓመት የቆጠረችው ባሏ ካስቡላ ከተቀበረበት ቀን ጀምሮ ነው። አስከሬኑን ጉድጓድ ወርዶ መቀበል የቅርብ ሰው ወግ ነው፤ ካስቡላ ደግሞ በዚያ ከተማ ከሚስቱ ወንድም በቀር የቅርብ ሰው አልነበረውም። ታስሪፒን የለም። ጀናዛው ተነሳ፣ የለም። ሶላቱ ተሰገደ፣ የለም። ማታ ላይ ሱሪው እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ መጣ፤ ምንም አላለም፣ ምንም አልጠየቀችውም። ሁለቱም ብቻቸውን የቀሩ ስለነበሩ በአንድ ቤት መኖራቸው አልቀረም። እሷ ታበስላለች፣ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፤ እሱ ይበላል፣ ሳህኑን ያጥባል፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ ይጠግናል። ድሮ «ወንድም ጋሼ» ትለው ነበር። አሁን ምንም አትለውም።

ያን ጠዋት ከመኪናው የወረዱት ሁለት ነበሩ፤ ኢንጂነር ሄንዳርቶ የሚባለው፣ ከመብላቱ በፊት እጁን ሦስቴ የሚታጠብ ወፍራም ሰው፣ እና ወኒንግ የምትባል ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ቀያሽ። ሁለቱም ስለ ባሕሩ ግንብ ነው የመጡት። ሰፈሩ ካራንግ ወሉት ይባላል፤ ሰዉ ያንን ግንብ ሲጠብቅ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። በፊት የቀርከሃ አጥር ተተከለ፣ ባሕሩ ነቅሎ ወሰደው። ቀጥሎ የመኪና ጎማ ተደረደረ፤ እሱንም ወሰደና አንድ በአንድ ሌላ መንደር ላይ ተፋው። ከዙማሮ ቤት ፊት ለፊት ሦስት መንገድ፣ አንድ ትምህርት ቤትና የኳስ ሜዳ ነበር፤ ዛሬ የሜዳው ግብ እንጨት ብቻ ከውኃው ብቅ ብሎ ወፍ ይቆምበታል። አሁን ግን ብረቱ ታስሯል፣ የእንጨቱ ቅርጽ ቆሟል፣ አርማታው ነገ ጠዋት ሊሞላ ነው።

«ጎንበስ ይበሉ ጌታዬ! ጎንበስ በይ ልጄ!» አለች ዙማሮ። ጎንበስ ብለው ገቡ። ኢንጂነሩ ገና ከመቀመጡ ከመኪናው ይዞት የመጣውን ጠብ ቀጠለ።

«መሣሪያውን ውኃ ውስጥ ጥለሽዋል። እመኚና ይለቅልን።»

«አልጣልኩትም ኢንጂነር።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው? የወደቡ ጽሕፈት ቤት ስልሳ አራት ሳንቲ ሜትር ሰምጧል ትይኛለሽ። ድልድዩም ሰምጧል ትይኛለሽ። መስጊዱ ግቢ ያለው የመንግሥት የከፍታ ድንጋይ ግን ከአርባ ዓመት በፊት ከተተከለበት ከፍታ አንዲት ጣት አልወረደም። መዝገቡ አለ፣ ማኅተሙ አለ። ማንን ልመን? ድንጋይ ይዋሻል?»

«ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ። ሦስቱም ጊዜ ያው ነው።»

«በተበላሸ መሣሪያ ሦስት ጊዜ! ድንጋዩ ካልሰመጠ መሬቱ አልሰመጠም። የወደቡ ቤት ከባድ ነው፣ ብቻውን ሰምጧል። ግንቡ በተሳለው ከፍታ ይሠራል። አንቺ በዘጠኝ ሰዓቱ መኪና ተመለሺ፤ ስለ መሣሪያው የምትይውን ለቢሮው ትያለሽ፤ ሥራሽን ካተረፉልሽ እሰየው።»

ወኒንግ አላለቀሰችም። ሩዟን በማንኪያ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ስትገፋ ቆየች። ዙማሮ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። የሰው ጠብ አይደንቃትም፤ ምግብ ቤት የያዘ ሰው ስንት ያያል። ያልገባት ነገር ካለ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ይቀመጣል፤ ካልዋጠችው ወይ ካልተፋችው እንቅልፍ የላትም።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ያ ድንጋይ ምንም አልሰመጠም ነው የሚሉት?»

«ምንም።»

«እኔ ግን ይኸው ወለሌን አራቴ አስሞልቻለሁ።»

«ባሕሩ ስለጨመረ ነው እማማ።»

«ባሕሩ ይጨምር። የወደቡ ቢሮ ደረጃ ግን ልጅ ሆኜ ስንዘልበት አምስት ነበር፣ አሁን ሁለት ነው። ሦስቱን ባሕር በላቸው?»

«እማማ፣» አለ ኢንጂነሩ በትሕትና፣ «ጨው ያቀብሉኝ።»

ጨውን አቀበለችው። እሱ በልቶ፣ እጁን አንዴ ታጥቦ፣ ሠራተኞቹን ሊያይ ወደ ባሕሩ ዳር ሄደ። ወኒንግ ግን አልተነሳችም። ዙማሮ ሳህኗን አንስታ የዓሣ ራስ ጨመረችበት፤ የዓሣ ራስ ለማንም አትሰጥም፣ የምትወደው ሰው ሲኖር ነው የምታወጣው።

«ብይ። ባዶ ሆድ ክርክር አይችልም። ለመሆኑ ያ ሰውዬ ትክክል ከሆነ ምን ይሆናል? አንቺ ትክክል ከሆንሽስ?»

ልጅቱ ሻዩን ጎንጨት አለችና ጣቷን ብርጭቆው ከንፈር ላይ አሳረፈች። «ግንቡ የተሳለው መሬቱ አይሰምጥም ተብሎ ነው። እሱ ትክክል ከሆነ ለልጅ ልጆቻችሁ ይቆያል። እኔ ትክክል ከሆንኩ ግን ግንቡም ከመሬቱ ጋር አብሮ ይወርዳል። በሰባት፣ ቢበዛ በስምንት ዓመት ባሕሩ በላዩ ይሻገራል። የባሰው ደግሞ የገባው ውኃ መውጫ አያገኝም፤ ግንቡ ራሱ ይዞ ያስቀረዋል።»

«እንደ ሳህን?»

«እንደ ሳህን እማማ። እናንተ ውስጡ ናችሁ።»

ዙማሮ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጥልቅ ሳህን አየችው፤ መረቁ ውስጥ የቀረችውን የዓሣ ራስም አየቻት። ከዚያ ሻርፗን ከምስማሩ አንስታ፣ ድስቱን ከድና፣ ምግብ ቤቱን ልጅቱ ላይ ጥላ ወጣች። እንዲህ ያለ ነገር መቼም አድርጋ አታውቅም።

መስጊዱ ከቤቷ መቶ እርምጃ አይሞላም። ግቢው ነጭ ሴራሚክ ንጣፍ ነው፣ በሰፈሩ የወንድሟን እጅ ያላየ ወለል የለምና እሱም የታስሪፒን ሥራ ነው። ድንጋዩ ከማዕዘኑ ቆሟል፤ አራት ማዕዘን፣ ግራጫ፣ አናቱ ላይ የሳንቲም ያህል ነሐስ የተቀበረበት፣ ከንጣፉ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ። ከጎኑ ባለ ብረት ሰሌዳ ላይ ዕድሜዋን ሙሉ ያየችው፣ አንብባው ግን የማታውቀው ጽሑፍ አለ፦ «ይህ የመንግሥት የከፍታ ምልክት ነው። የቀበረው፣ የሸፈነው ወይም የሰበረው እስከ ሁለት ዓመት እስራት ይቀጣል።» ዙማሮ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ልጅ ሆና በዒድ ቀን ወንዶቹ ሰግደው እስኪወጡ እዚሁ ድንጋይ ላይ ትቀመጥ ነበር። ያኔ ግቢው አሸዋ ነው፤ ድንጋዩም ከአሸዋው አንድ ስንዝር ነበር ከፍ የሚለው። ያንን እግሯ ያስታውሳል። ከዚያ በኋላ ግቢው ሁለት ጊዜ ተሞልቷል፣ የውዱእ መታጠቢያው ቧንቧ ተነስቷል፣ ደረጃው ተውጧል፣ አሮጌው ጉድጓድ ተደፍኗል። ታዲያ ድንጋዩ ለምን አልተዋጠም? ድንጋይ አያድግም።

የመስጊዱ ጠባቂ አባባ ሻኩር መጥረጊያቸውን ተደግፈው ያዩዋታል። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፣ የሚያስቃቸው ነገር ግን ገና አላለቀም።

«ምነው ዙማሮ፣ ሩዝ መሸጥ ትተሽ ድንጋይ መጠበቅ ጀመርሽ?»

«አባባ፣ ይህ ድንጋይ ግቢው ሲሞላ ለምን ሳይቀበር ቀረ?»

«እንዴት ይቀበራል! ሰሌዳውን አላየሽም? የቀበረ ይታሰራል ይላል።»

«እኮ። ታዲያ ምን አደረጋችሁት?»

«አነሳነዋ!»

ዙማሮ ከድንጋዩ ላይ ተነሳች። «አነሳችሁት?»

«ምን ልናደርገው ኖሯል? አንቺ ወለልሽን ስትሞዪ አልጋሽን ከሥር ትተዪዋለሽ? ስምንት ሰው ተሸከመው። አጠብነው፣ ዱዓ አደረግንለት፣ የድግስ ቢጫ ሩዝ በላን። ወንድምሽ በውሃ ልክ አስተካከለው፤ ድንጋዩ ከዱሮው መሬት ምን ያህል ከፍ ይል እንደነበር በክር ለክቶ፣ ከአዲሱም መሬት ያንኑ ያህል አደረገው። ሁለተኛው ሙሌት ጊዜም እንዲሁ። አንዲት ጭረት የለችበትም እኮ፣ እስቲ ዳብሺው! የመንግሥት አደራ ነው።»

«ለመንግሥትስ ነግራችሁ ነበር?»

«አደራ ጠበቅን ብሎ የሚከስስ አለ?» ሽማግሌው ሳቁ፤ ቀጥሎ ግን የሆነ ነገር ትዝ ብሏቸው ሳቃቸውን አሳጠሩት። «አንድ ጊዜ፣ ሰባት ዓመት ይሆነዋል፣ ከአውራጃ የመጣ ቀያሽ እዚሁ ቆሞ ነበር። ሲቀልድ ነው፣ ‹ይህን ድንጋይ የነካ ሰው እጁ በሰንሰለት ነው› አለ። እኛ ሳቅን። ታስሪፒን አጠገቡ ነበር፤ እሱ ግን አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ቀይ ታርጋ ያለው የመንግሥት መኪና ሲያይ እንደሚጠፋ አታውቂም? ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

ዙማሮ አላወቀችም ነበር። መኪና በመጣ ቁጥር ሲሮጥ አይታዋለች፤ እሷ ግን ከእንግዳ ጋር መቀመጥ የማይወድ ነገረኛ ሰው አድርጋ ነበር የቆጠረችው። አሁን ሌላ ነገር ትዝ አላት። ካስቡላ በተቀበረ ቀን የወረዳው ሹም ለለቅሶ መጥቶ ነበር። መኪናው ከደጃፏ ቆሞ፣ ታርጋው ቀይ ሆኖ፣ በዚያ መስኮት በኩል ሙሉ ቀን አይታዋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ የያዘችው ቂም ድንገት መያዣው ጠፋት፤ ከዚያ ደግሞ ተናደደች፣ በእሱም በራሷም፣ የበለጠ ግን በራሷ።

ታስሪፒንን ያገኘችው ሁለት መንገድ አልፎ፣ የአንድ ጎረቤት ወለል ላይ ተንበርክኮ ሴራሚክ ሲያነጥፍ ነው። ግንባሩ ላይ እንቁላል የሚያህል አብጧል። ጥላዋ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ቀና አለ፤ እሷ መሆኗን አይቶ ደግሞ ወደ ሥራው ተመለሰ።

«ወንድም ጋሼ፣» አለች።

እጁ ቆመ።

«ድንጋዩን ያነሳኸው አንተ ነህ?»

ንጣፉን አስቀመጠው፣ በመዶሻው እጀታ ሁለቴ ነካ ነካ አደረገው፣ በውሃ ልኩ አየው። «ማን ነገረሽ?»

«አባባ ሻኩር። ቀብረኸዋል?»

«እኔ?» ተቆጣ። «ድንጋይ የምቀብር ሰው ነኝ?»

«ሰብረኸዋል?»

«ጠርዙ እንኳ አልተላጠም!»

«ታዲያ ከምን ትሸሻለህ?»

«መንግሥት ነው፣ ዙማሮ። መንግሥት ነካህ ካለህ ነክተሃል።»

ጎረቤቶቹ ከውጭ ነበሩ፤ ክፍሉ ውስጥ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታና የሁለቱ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ዙማሮ ጎኑ ቁጭ አለች፣ ገና ያልደረቀው ወለል ላይ። እሱም የተቀመጠችበትን አይቶ እንደ ወትሮው አልጮኸም።

«ካስቡላ በተቀበረ ቀን መኪናውን አይተህ ነው?»

ታስሪፒን ንጣፉን እየዳበሰ፣ «ባሕር ዳር፣ ማንግሮቭ ዛፎቹ መሐል ነበርኩ፣» አለ። «እስከ ወገቤ። ሶላቱን ከዚያ ሆኜ ሰማሁት። ከዚያው ሆኜ ሰገድኩለት፤ ውኃ ውስጥ መስገድ ይያዝ አይያዝ እንጃ።» ከዚያ ስድስት ዓመት ያልጠየቀውን ጠየቀ። «ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ማን ተቀበለው?»

«ሹሙ። ሱሪውን ሰብስቦ ወረደ።»

ታስሪፒን ፊቱን በሲሚንቶ እጁ ሸፈነው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ አንቺም ታውቂ ነበር። ያወቀ ተባባሪ ነው ይሉሻል። ባልሽን ቀብረሽ፣ በማግስቱ ደግሞ ፖሊስ?»

ልትጮህበት ፈልጋ ነበር። እሷ በልቧ ትህትና የጎደለው ሰው ስትለው እሱ በራሱ ደደብ መንገድ ሲጠብቃት ኖሯል። ልብሷን ከወለሉ አላቃ ተነሳችና ኢንጂነሩ ያለውን፣ ልጅቱ ያለችውን፣ የሳህኑን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ነገረችው። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅቱ ትሄዳለች። ነገ ጠዋት አርማታው ይሞላል። አላስገድድህም። እኔ ብቻዬን ብናገር ግን የሩዝ ሻጭ ወሬ ነው የሚባለው፤» አለችና ወጣች። በንጣፉ ላይ የተቀመጠችበት ምልክት ቀርቶ ነበር።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መስጊዱ ግቢ ውስጥ ኢንጂነሩ፣ ወኒንግ፣ አባባ ሻኩርና ዙማሮ ድንጋዩን ከበው ቆመዋል። ኢንጂነሩን ያመጣው ክብር ነው፤ ሽማግሌ ጠርተውት እንዴት ይቀራል። ታሪኩን ሰማ፣ ከት ብሎም ሳቀ።

«በትከሻ ተሸክማችሁ? በክርና በውሃ ልክ? አባባ፣ ይህ ድንጋይ ከመዝገቡ የሚለየው ሁለት ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ሚሊ! በእጅ የተነሳ ድንጋይ እንዲህ አይቆምም። መሐንዲስም አያቆመው።»

«ሁለት ሚሊ ተሳስቷል ማለት ነው?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ፣ ቅር ያለው።

ታስሪፒን ከበሩ ቆሟል። የዒድ ሸሚዙን ለብሷል፣ ፀጉሩን በውኃ አበጥሯል። በአንድ እጁ መሮና መዶሻ ይዟል፣ በሌላው ጥቁር ፌስታል። ዙማሮ ፌስታሉ ውስጥ ያለውን ከቅርጹ አወቀችው፤ የሌሊት ሽርጡ፣ የጥርስ ብሩሹ፣ አንድ ሳሙና። እስር ቤት ሊገባ ዕቃውን ሸክፎ ነው የመጣው። እንባዋ መጣ፣ ሳቋም መጣ፣ ሻርፗን አፏ ላይ አደረገች።

ማንንም ሳያናግር ድንጋዩ ሥር ተንበረከከ። ከጎኑ ያለችውን ንጣፍ በመሮው ዙሪያዋን ፈልቅቆ ሳይሰብራት አነሳት። ከሥር አሸዋ ነበር። አሸዋውን በእጁ ዛቀ፤ ከሥሩ አረንጓዴ ንጣፍ ወጣ። «ይኼ የመጀመሪያው ሙሌት፣» አለ። አረንጓዴዋንም አነሳ። ከሥሯ ደግሞ ቀይ አፈር፣ ከዚያ አሸዋ። በዚያን ጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ ውኃ መቋጠር ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ ከየአቅጣጫው፣ ማንም ሳይጠራው። የባሕሩ ሽታ ነበረው። ታስሪፒን እጅጌውን ሳይሰበስብ ክንዱን እስከ ትከሻው ከተተና ዳበሰ።

«ይኸው። የዱሮ መቀመጫው እዚህ ነው፣ ሲሚንቶው አለ። ስናነሳው እንዳለ ተውነው።»

ወኒንግ ሜትሯን አወጣች። ጫፉን እሱ ከዱሮው መቀመጫ ላይ ያዘላት፣ እሷ ከድንጋዩ የአሁን ግርጌ ላይ አነበበች። «ስልሳ አንድ።»

ኢንጂነሩ አልሳቀም። ሰዓቱን ፈትቶ ለአባባ ሻኩር ሰጠ፣ ስለ ሱሪው ሳያስብ ተንበርክኮ እሱም ክንዱን ከተተ። ለረጅም ጊዜ ዳበሰ። ፊቱን ያየ ሰው ውኃ ውስጥ የጠፋበትን ቀለበት የሚፈልግ ይመስለው ነበር። ሲያወጣው ሸሚዙ እስከ ብብቱ ጠቁሯል።

«መሬቱ በሰመጠ ቁጥር የሰመጠውን ያህል ሞልታችኋል፣» አለ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ የሚያስረዳ ይመስል። «ድንጋዩንም ያንኑ ያህል አነሳችሁት። ለዚህ ነው ያልሰመጠው።»

«ሦስት ሳንቲም ይጎድላል ግን፣» አለች ዙማሮ። «ልጅቱ ስልሳ አራት ነበር ያለችው።»

«ሦስቱ የኔ ስሕተት ይሁን፣» አለች ወኒንግ፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ ወደ ታስሪፒን ዞረች። «አባባ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልተናገሩም? በየዓመቱ እኮ ቀያሽ ይመጣል።»

«የጠየቀኝ የለም። ሁልጊዜ የምትጠይቁት ድንጋዩን ነው።» እጁን በሸሚዙ ጠራርጎ ፌስታሉን አነሳና በኢንጂነሩ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ። «እስራቱ ከዛሬ ነው የሚጀምረው ከነገ?»

ኢንጂነሩ አልገባውም። አባባ ሻኩር በመጥረጊያቸው ጫፍ ሰሌዳውን አሳዩት። ጎንበስ ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፤ ሲጨርስ ደግሞ ደገመው።

«የቀበረ፣ የሸፈነ፣ የሰበረ ነው የሚለው፣» አለች ወኒንግ። «ያነሳ አይልም።»

«አይልም፣» አለ ኢንጂነሩ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና ስልኩን አወጣ። «ሃሎ፣ ነገ አይሞላም። አዎ፣ አይሞላም! ብረቱ ይረዝማል፣ ሥዕሉ ይለወጣል። ምክንያቱን ስመጣ እነግርሃለሁ፣ በስልክ ብነግርህ ጠጥቷል ትላለህ።» ከበሩ ውጭ ተሰብስቦ የነበረው ሰው አጉረመረመ፤ አንዱ ዓሣ አጥማጅ «ዐሥራ አንድ ዓመት ጠብቀን ደግሞ ሌላ ወር!» ሲል፣ ዙማሮ «አንተ ሰባት ዓመት የምትቆይበት ሳህን ይሻልሃል?» አለችው፤ ምን እንደምትል ባይገባውም ዝም አለ። የዘጠኝ ሰዓቱ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ በመንገዱ አለፈ። ወኒንግ ዞር ብላም አላየችው። ታስሪፒን ግን ከልማዱ ደንገጥ ብሎ ወደ መስጊዱ የጓሮ በር ተመለከተ፤ ከዚያ ፌስታሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረና ባለበት ቆመ።

አሸዋውን መልሶ ንጣፉን እስኪያስተካክል የአስር ሶላት ተሰገደ። ኢንጂነሩ ግንቡ ላይ አብሮት እንዲሠራ ጠይቆት ነበር፤ «ሁለት ሚሊዋን ካረምኩ በኋላ፣» ብሎ መለሰለት፤ ሰውዬው ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ዙማሮ ቀድማ ቤት ገባች። ምድጃውን አነደደች፣ ሩዙን አሞቀች፣ ከድስቱ ለማንም ያልሰጠቻትን ሁለተኛዋን የዓሣ ራስ አወጣች። በዝቅተኛው መስኮት በኩል የወንድሟ ጫማ በመንገዱ ሲመጣ አየችው፤ ቀስ ይላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይመጣል። ፌስታሉ ከጉልበቱ ጎን ይወዛወዛል። ምን እንደምትለው አላወቀችም። ይቅርታ ማለት በእነሱ ቤት የተለመደ አይደለም፤ አባታቸውም እናታቸውም ብለውት አያውቁም። ጫማው ከደጃፉ ወለቀ። ታስሪፒን ጉበኑን አየ፣ ያበጠ ግንባሩን ዳበስ አደረገ፣ ከዚያ እንደ ስድስቱ ዓመት ሁሉ ማንም ሳይነግረው ራሱ ጎንበስ አለ።

«ጎንበስ በል፣ ወንድም ጋሼ!» አለች ዙማሮ።

ደንግጦ ቀና አለ። ያን ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ግንባሩ ጉበኑን ሲመታ ኮኮናት የተፈለጠ ይመስል ጮኸ፤ በዚህኛው ግን ዙማሮ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ሮጠች።